ከበስተኋላችን ያለው ብርሃን

ሂስ ጸሐፊ ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን ብዙም አልተለመደም። ሃያሲው ይነቅፋል፤ ደራሲው መልስ ይጽፋል፤ ሃያሲው የመልስ መልስ ይሰጣል፤ አንባቢው ይሰለቻል፤ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። እኔ ዛሬ የማቀርበው የመልስ መልስ አይደለም። ያላየሁትን ፊልም አይቻለሁ ብዬ በአደባባይ ፈርጃለሁና ቃሌን ላነሣ ነው። ቃል ማንሣት ብቻውን ግን አንድ ገጽ አይሞላም። እንዴት እንደተሳሳትኩ ስመረምር የደረስኩበት ነገር ከእኔ ጥፋት የሰፋ ሆኖ ስላገኘሁት ነው አንባቢን ለማድከም የደፈርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ መሐል ከተማ ካሉት አዳራሾች በአንዱ አንድ የአማርኛ ፊልም አየሁ። የፊልሙንም የአዳራሹንም ስም አልጠራም፤ ብጠራው ችግሩ የዚያ አዳራሽ ብቻ ይመስላል፤ አይደለምም። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት እናት ልጇ በሱዳን በኩል ከአገር ከወጣ በኋላ ድምፁ ይጠፋባታል። ፊልሙ እርሷ የምትጠብቅበትን አንድ ዓመት ይዞ ይሄዳል። አብዛኛው ትዕይንት ሌሊት ነው፤ ሌሊቱም በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ በአንድ ኩራዝ የሚገፋ ነው። እኔ ያየሁት ጥቁር ሸራና በመካከሉ የምትንቀጠቀጥ አንዲት ቢጫ ነጥብ ነበር።

ወጥቼ ጻፍኩ። ፊልሙን "ቢጫ ወባ የያዘው" አልኩት። ካሜራ ያዡን "ብርሃን ለምን እንደተፈጠረ ገና አልተነገረውም" አልኩት። ይባስ ብዬ፣ እናቲቱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ የምትቆይበትን ትዕይንት "ዳይሬክተሩ ሰዓት ለመሙላት የጨመረው" ብዬ አጣጣልኩት። አንባቢዎች ሳቁልኝ። ሰው የሳቀለት ጸሐፊ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አያጣራም።

አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ አምስት ኪሎ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጥር አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ወጣት ቀረበኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አንድ ጊዜ ላነጋግርዎ?"

"ምነው ልጄ?"

"ቢጫ ወባ ያሉት የኔን ሥራ ነው።"

ምን ይባላል? ዝም አልኩ። ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ለሥራ ያነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጽሑፌን ከስልካቸው ከፍተው እንዳሳዩት፣ ከዚያም "እንደዋወላለን" ብለው እንደሸኙት ብቻ ነገረኝ። ቀጥሎም "ያዩት ፊልም ግን እኔ ያነሣሁት አይደለም፤ ጊዜ ካለዎት ላሳይዎት" አለኝ። ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጓደኞቹ ጋር የተከራዩት አንዲት የኤዲቲንግ ክፍል ነበረቻቸው። ማኪያቶ አስመጣልኝ፤ መጋረጃውን ዘጋና ያንኑ ትዕይንት ከፈተው።

ግድግዳው ባዶ አልነበረም። ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ዓይነት። እናቲቱ ኩራዙን ከፍ ስታደርግ ብርሃኑ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ጣቷ በጭስ የጠቆረውን መስመር ይከተላል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ፊደል ያልቆጠረች መሆኗን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እናውቃለን። የማታነበውን ጋዜጣ የልጇ ደብዳቤ አድርጋ ለራሷ እያነበበች ነው። እኔ ሰዓት መሙያ ያልኩት ሁለት ደቂቃ የፊልሙ እምብርት ኖሯል።

ታዲያ እኔ የሄስኩት ምን ነበር? አንድ ያረጀ አምፖል።

ማሽን ክፍሉ

በማግስቱ ልጁን አስከትዬ ወደዚያው አዳራሽ ተመለስኩ። ኦፕሬተሩ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ በሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ፊልም ዘመን ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ እርሳቸው ግን ወንበር ጠርገው ሰጡኝ። "ወንድሜ፣ ይግቡና ራስዎ ይዩት" አሉኝ።

ያየሁት ማሽን በውጭ አገር ሲኒማ ቤቶች የሚቆመው ትልቁ የሲኒማ ፕሮጀክተር አይደለም። ለስብሰባ አዳራሽ ተብሎ የሚሠራው፣ ከኮምፒዩተር ጋር በሽቦ የሚያያዘው ዓይነት ነው። "አምፖሉ ስንት ሰዓት ሠራ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ቁልፍ ተጫኑና ማሽኑ 340 ሰዓት የሚል ቁጥር አወጣ። ሳቁ።

"እሱ ውሸታም ነው። ውሸቱን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቁጥሩን ወደ ዜሮ ካልመለስኩለት አልበራም ይላል።"

ከጠረጴዛው ሥር የተማሪ ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ቀን፣ እያንዳንዱ ሰዓት፣ መብራት የጠፋበት ጊዜ ሁሉ በእርሳስ ተጽፏል። አምፖሉ 4600 ሰዓት አልፎታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ የሜርኩሪ አምፖል ዕድሜ እንደየዓይነቱ ከ2000 እስከ 4000 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት የሚያሳይ አዳራሽ በቀን አሥር ሰዓት ያበራል፤ ስለዚህ ባለ 2000 ሰዓቱ አምፖል በሁለት መቶ ቀን ያልቃል ማለት ነው። "ያልቃል" ሲባል ግን ይጠፋል ማለት አይደለም። አምራቾቹ የአምፖልን ዕድሜ የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላም ይበራል፤ እየደከመ ይበራል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚደክም በየቀኑ የሚያየው ሰው አያውቀውም። ፀጉሩ እንደሚሸብት ሰው ነው፤ የሚደነግጠው ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ነው።

ቢጫውስ? በዚያ ማሽን ውስጥ ብርሃኑ በሦስት ይከፈላል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትንሽ መስተዋት መሰል ገበታ አልፈው መልሰው ይገናኛሉ። ከሦስቱ ቀድሞ በሙቀትና በጨረር የሚጎዳው የሰማያዊው መንገድ ነው። ሰማያዊ ሲደክም የቀረው ሁሉ ወደ ቢጫ ያደላል። እንግዲህ ቢጫ ወባው የማሽኑ እንጂ የካሜራው አልነበረም።

በዚህ ላይ የከተማችን ጠባይ አለ። አራዳና አምስት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ በመሆኑ እዚያ ታች እንደሚያቀዘቅዘው ማሽን አያቀዘቅዝም። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ "ለከፍተኛ ቦታ" የሚል ማስተካከያ አበጅተዋል፤ ሲከፈት ቬንቲሌተሩ ይፈጥናል። ነገር ግን ሲፈጥን ይጮኻል። ማሽኑ ከተመልካቹ ራስ በላይ በተሰቀለበት አዳራሽ ጩኸቱ ስለሚረብሽ ብዙዎች ይዘጉታል፤ አምፖሉም በትኩሳት ይኖራል። አቧራው ደግሞ አለ፤ ፊልትሮው በየሳምንቱ ካልታጠበ አየር ይታፈናል። መብራት መጥፋቱም አለ፤ የጋለ አምፖል ከጠፋ በኋላ እንኳ ለደቂቃዎች አየር ሊነፋበት ይገባል፤ መብራት ድንገት እልም ሲል ግን ቬንቲሌተሩም አብሮ ይቆማል፤ አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይቀቀላል። ኦፕሬተሩ ለዚሁ ብቻ ሲሉ አንድ አሮጌ ዩፒኤስ በገንዘባቸው ገዝተው አስገብተዋል።

"አዲስ አምፖል አይገዙም?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ሞኝ ጥያቄ ነበር። ሞዴሉ መሠራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ያመጣው ነጋዴ ዛሬ ሌላ ዕቃ ነው የሚያመጣው። ገበያ ላይ የሚገኘው ፎርጅድ ነው፤ መያዣው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ሌላ። አንዱ በትዕይንት መካከል ፈንድቶ ሰው አስደንግጧል። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት የሞቱ ማሽኖች ተደራርበዋል። ከአንዱ ቬንቲሌተር፣ ከሌላው የኃይል ሰሌዳ እየነቀሉ ሦስተኛውን ያኖሩታል። "እነዚህ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሥራ ግን አላቆሙም" አሉኝ።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የፊልሙ የመጨረሻ ተባባሪ ደራሲ። ስማቸው ግን በፊልሙ መጨረሻ አይነበብም፤ በእኔም ሂስ ውስጥ አልነበረም።

ካቻቢቴ የሚገባበትና የማይገባበት

አራዳ ለሲኒማ እንግዳ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን "ሰይጣን ቤት" ብሎ ሰየመው፤ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስ የማን ሥራ ሊሆን ይችላል? በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ፒያሳ ላይ ለራሳቸው የሠሩት ሲኒማ ኢታሊያ ከነፃነት በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ ሆነ። ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃም ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሆኖ ተመረቀ። "ሂሩት አባቷ ማነው" የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ገደማ፣ "ጉማ" ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ ሁለቱም የደረሱት ተመልካች ዘንድ ያደረሳቸው ብረት የሆነ፣ በዘይት የሚሠራ፣ ሰው በእጁ የሚያውቀው ማሽን ነበር።

የዚያ ማሽን ልብ የማልታ መስቀል የሚባለው ቁራጭ ነው፤ ፊልሙን በሴኮንድ ሃያ አራት ጊዜ እየጎተተ የሚያቆም። ኢንግራናጆው ቢበላ ቶርኖ ያለው ሰው ይቀርጸዋል። ሌንሱ ቢቆሽሽ ይወለወላል። አምራቹ ቢከስር፣ ቢሞት፣ አገሩ ቢጠፋ ማሽኑ ምንም አይሰማውም። ኦፕሬተሩ በወጣትነታቸው የሠሩበት ማሽን ከእርሳቸው በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ያቆመውም ብልሽት አይደለም፤ የሚያሳየው ፊልም መምጣቱ ቀርቶ ነው።

የእኛ አገር ፊልም ወደ ቪዲዮ የተሻገረው ከሌላው ዓለም በተለየ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ከተዘጋ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጣቶች በትናንሽ ቪዲዮ ካሜራ ያነሡትን ይዘው የሲኒማ ቤቶቹን በር አንኳኩ። ሴሉሎይዱ ውድ ነበር፤ ታጥቦ የሚመጣውም ከውጭ አገር ነው። ስለዚህ አዳራሾቹ የስብሰባ ፕሮጀክተር ሰቀሉ። ዛሬ የምናውቀው የአማርኛ ፊልም፣ ወረፋው፣ ሳቁ፣ ኮከቦቹ፣ ሁሉም የተወለደው ከዚያ ርካሽ ማሽን ሥር ነው። ይህን ሳልናገር ማሽኑን ብሰድበው ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ሌላው ዓለም የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የሆሊውድ ታላላቅ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2005 የዲጂታል ሲኒማን ደንብ አወጡ። ደንቡ ለሥዕሉ ጥሩ ነው፤ የሸራው መካከል በአንድ ካሬ ሜትር 48 ካንዴላ መብራት አለበት ብሎ እስከመወሰን ይደርሳል። ባርኮ፣ ክሪስቲ፣ ኤንኢሲና ሶኒ በዚህ ደንብ መሠረት ማሽን ሠሩ። ሴሉሎይድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአብዛኛው ዓለም አዳራሽ ወጣ።

ደንቡ ግን ስለ ቁልፍም ይናገራል። ፊልሙ የሚመጣው በምስጢር ተቆልፎ ነው። መክፈቻው ለብቻው ይላካል፤ የሚከፍተውም በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ማሽን፣ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ብቻ ነው። ምስጢሩን የሚፈታው ሰሌዳ ከፕሮጀክተሩ ጋር "ይጋባል"፤ በባለሙያዎቹ ቋንቋ ቃሉ ይኸው ነው፤ ጋብቻ። ሰሌዳው ተነቅሎ ሲመለስ ጋብቻው ይፈርሳል፤ እንደገና የሚያጋባው ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የሰሌዳው መለያ ምስጢር የሚኖረው ደግሞ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ካለቀች ምስጢሩ ራሱን ይደመስሳል። ያኔ ሌንሱ ደህና፣ አምፖሉ ደህና፣ ቬንቲሌተሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ለተቆለፈ ፊልም ሬሳ ነው። የሚያስነሣው አምራቹ ብቻ ነው፤ አምራቹ ደግሞ ይሄዳል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሲኒማ ፕሮጀክተር ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ። የመጀመሪያው ትውልድ ማሽኖች መለዋወጫ ከመጋዘን እያለቀ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትናንሽ ሲኒማ ቤቶች ዛሬ የሚያደርጉት ከእኛ ኦፕሬተር ብዙም አይለይም፤ ከተዘጋ አዳራሽ ማሽን ይገዛሉ፤ አርደው ለሌላው ይከፋፍላሉ፤ ባትሪዋ ከማለቋ በፊት ይለውጣሉ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት እርጅና አለ። የሀብታሙ ማሽን ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ በሩ ይቆለፍበታል። የድሃው ማሽን በሩ ክፍት ሆኖ ብርሃኑ ይደክምበታል። ድህነታችን ከመቆለፍ አድኖናል፤ ካቻቢቴ የያዘ ሰው አሁንም ይገባል። ነገር ግን የገባው ሰው የሚያበጀው በደብተሩና በእጁ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ማንም የለም።

"አዲስ ይግዙና ይገላገሉ"

ይህን ለወዳጆቼ ሳወጋ ሁለት መልስ ሰጡኝ። ሁለቱም ቀላል አይደሉም፤ ስለዚህ በጨዋነት ልመልስ።

አንደኛው፣ "ለምን አምፖል የሌለው የሌዘር ማሽን አይገዙም?" የሚል ነው። እውነት ነው፤ የሌዘሩ ብርሃን 20000 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ አምፖል መለወጥ ቀረ ማለት ነው። ማን ይጠላል? ነገር ግን ማሽኑ የሚገዛው በዶላር፣ ትኬቱ የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ትኬቱ እንዲሁ እጥፍ ይሁን ቢባል አዳራሹ ባዶውን ያድራል። ደግሞም የሌዘሩ ቀን የደረሰ ዕለት የሚለወጠው ትንሽ አምፖል አይደለም፤ ሆዱ በሙሉ ነው። ያን ቀን አምራቹ በቦታው ይኑር አይኑር ዛሬ የሚነግረን የለም። አዲስ መግዛት እርጅናን ያዘገያል እንጂ አይሽርም፤ የማኖር ዕውቀት ከሌለ ከዐሥር ዓመት በኋላ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንገናኛለን።

ሁለተኛው ይከብዳል። "ሲኒማ ቤት ራሱ አብቅቶለታል፤ ልጁ ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ይጫነው፤ ሰው በስልኩ በጥሩ ብርሃን ያየዋል።" ይህን የሚሉት ሞኞች አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ የተመልካቹ ልማድ እንደተለወጠ ሁላችንም አይተናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ከሥራ በኋላ በእግሩ ወደ ሲኒማ ይወርድ የነበረው ሰው ራሱ ከአካባቢው ተነሥቶ ሄዷል። እኔም ያንን ትዕይንት መጀመሪያ በትክክል ያየሁት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በኮምፒዩተር ነው። ታዲያ ምን ልመልስ?

የምመልሰው አንድ ነገር ነው። በኤዲቲንግ ክፍሉ ትዕይንቱ ገባኝ፤ አልጎዳኝም። ሁለት ደቂቃ ዝምታ ብቻህን ስታየው አጭር ነው፤ እጅህ ወደ ስልክ ይሄዳል። ያችን እናት ዝም ብሎ ለመጠበቅ ከጎንህ ሌላ ዝም ያለ ሰው ያስፈልጋል። ፊልሙ ስለመጠበቅ ነውና አብረው የሚጠብቁ ሰዎች ሳይኖሩበት ግማሽ ነው። ይህን በመጨረሻ አስረዳለሁ።

ስለ እኛ ስለ ሃያስያን

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የፊልም ሂስ ብለን በየመጽሔቱ የምንጽፈው ስለ ታሪኩ፣ ስለ ተዋንያኑ፣ ሲበዛ ስለ ድምፁ ነው። ፊልሙን የት አየነው? ሸራው ንጹሕ ነበር ወይ? ሥዕሉ ላይ እንደ ከዋክብት የተበተኑት ነጫጭ ነጥቦች የፊልሙ ናቸው ወይስ የማሽኑ የደነዘዙ መስተዋቶች? ይህን ጽፎ የሚያውቅ ከመካከላችን ማን ነው? የቴአትር ሃያሲ ተዋናዩን "ድምፅ የለውም" ከማለቱ በፊት ማይክራፎኑ መሥራቱን ያጣራል። የመጽሐፍ ሃያሲ የማተሚያ ቤቱን ስሕተት ከደራሲው ስሕተት ይለያል። የፊልሙ ሃያሲ ግን ማተሚያ ቤቱን ለደራሲው ያሸክማል።

ይህ ለክርክር ብቻ የሚነሣ ነገር አይደለም። ፊልም ሠሪዎቻችን ደካማውን ማሽን ማወቅ ጀምረዋል። ካሜራ ያዡ ልጅ ራሱ ነገረኝ፤ ጓደኞቹ ሌሊትን እንደ ቀን አብርተው ማንሣት ልማድ አድርገዋል፤ "አዳራሽ ሲገባ ይጠፋል" ብለው ስለሚፈሩ። የአማርኛ ፊልም ቤቶች ሁሉ ለምን እንደ ሆቴል ሎቢ ያበራሉ እያልን ስንቀልድ ኖረናል። መልሱ ከበስተኋላችን ኖሯል። ያረጀ አምፖል የሚያጠፋው አንድ ትዕይንት አይደለም፤ ገና ያልተነሡ ትዕይንቶችን ቀድሞ ያጠፋል። ጥላ የሌለው ሲኒማ ያደርገናል።

የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" እ.ኤ.አ. በ1976 በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ በጥንቃቄ ታድሷል፤ እያንዳንዱ ግራጫ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጥሩ ነው፤ እሰየው። ያ የታደሰ ፊልም ነገ አራዳ ቢመጣ ግን ሰማያዊው በነደደ ማሽን ላይ የገበሬው ፊት ምን መልክ ይኖረው ይሆን? ፊልም ማደስ ብለን ሸራውን ከረሳን ጠጅ በተሰነጠቀ ብርሌ ቀዳን ማለት ነው።

መፍትሔውን ለመንግሥት አቤት ብሎ መተው የቀለለ ነበር። እኔ ግን ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ የሚታየኝ ሌላ ነው። አምስት ኪሎ ላይ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩበት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያው አቅራቢያ ሠዓሊዎች ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ የሚማሩበት የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። የእግር መንገድ ዝቅ ሲሉ የአገሪቱ የሲኒማ ታሪክ የተጀመረበት ሰፈር ነው። ሦስቱ አይተዋወቁም። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በአንድ የሞተ ፕሮጀክተር የኃይል ሰሌዳ ላይ ቢሠራ፣ የኦፕሬተሩ ደብተር መጽሐፍ ይሆናል። አዳራሾቹ ተስማምተው አንድ ዓይነት ሞዴል ቢይዙ፣ አምፖል በጋራ ቢያስመጡ፣ የሞቱትን በአንድ መጋዘን ቢያኖሩ፣ የአንዱ ሬሳ ለአምስቱ መድኃኒት ይሆናል። ብርሃን መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በወር አንድ ቀን ሸራውን ለክቶ ቁጥሩን ትኬት መቁረጫው ላይ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ምግብ ቤት ዋጋውን ይለጥፋል፤ ሲኒማ ቤት ብርሃኑን ይለጥፍ።

ከሁሉ በላይ ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር እንዳይሄድ ያሰጋኛል። ኦፕሬተሩ ጡረታቸው ደርሷል። "ተተኪ አለዎት?" ብላቸው ወደ ደብተሩ አመለከቱ። ደብተር ግን እጅ የለውም።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ትንሽ ነው። ካሜራ ያዡና ሁለት ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ከዱባይ በሚመላለስ ሰው በኩል አንድ ትክክለኛ አምፖል አገኙ፤ ከተዘጋ ቦታ የወጣ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ። እኔም ለዚያ ሂስ የተከፈለኝን ጨመርኩበት፤ ከዚያ ገንዘብ የተሻለ ቦታ አላገኘሁለትም። ፊልትሮው ታጠበ፤ የውስጥ መስተዋቶቹ ተጠረጉ። የሰማያዊው ገበታ ከሁለቱ ሬሳዎች ከአንዱ ተነቅሎ ገባ፤ ፍጹም አልሆነም፤ ግን ነጩ ነጭ መሰለ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ እንደገና ታየ። ሰላሳ ያህል ሰው ነበርን።

ግድግዳው መጣ። ጋዜጣው መጣ። ጣቷ መስመሩን ሲከተል ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት "ውይ፣ ታነብለታለች!" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልተሰማም። እኔ ስሙን ይዞ የሚጽፍ ሃያሲ ያላየሁትን እርሳቸው በሦስት ሴኮንድ አዩት፤ የሚያስፈልጋቸው ብርሃን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቃሌን አነሣለሁ። ፊልሙ ቢጫ ወባ የለበትም። ካሜራ ያዡ ብርሃን ለምን እንደተፈጠረ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ሁለቱ ደቂቃዎች ይህ ጸሐፊ በዚያ ዓመት በአማርኛ ፊልም ካያቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ግን አሁንም የተንዛዛ ነው፤ ልጁ በስልክ የሚመለስበት መንገድም አላሳመነኝም፤ ይህን አምፖሉ ከተለወጠ በኋላ ያየሁት ስለሆነ አላነሣውም።

ስወጣ ደረጃውን ወጥቼ ማሽን ክፍሉን አንኳኳሁ። ኦፕሬተሩ ደብተራቸውን ከፍተው በአዲስ ገጽ አናት ላይ በእርሳስ እየጻፉ ነበር፤ ሁለት ሰዓት።